ምዕራፍ ስምንት፦ ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን ልብ እንዴት እንደሚያነብ

ከሰመራ ወደ አዋሽ

በአንድ የግንቦት ወር፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ መሥሪያ ቤት ጋባዥነት፣ ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚሰጥ የሦስት ቀን ሥልጠና ለመካፈል ሰመራ ወርጄ ነበር። በዚያ ወራት የሰመራ ፀሐይ ምን ያህል እንደምትበረታ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ረፋዱ ላይ የመኪና በር እጀታ በባዶ እጅ አይጨበጥም፤ ከቢሮ ወደ ቢሮ የሚሻገር ሰውም ጥላ እየፈለገ የግንቡን ጥግ ተከትሎ ይሄዳል። ሥልጠናው፣ እውነቱን ለመናገር፣ መልካም ነበር። መምህሩ ስለ ደን መመናመን፣ ስለ አፈር መከላትና ስለ አዋሽ ውሃ መበከል በሚገባ አስረዳን፤ እኛም በየደብተራችን ጻፍን፤ በመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀት ተቀብለን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን፣ በየወንበሩ ሥር ግማሽ የተጠጣ ሃይላንድ ትተን ወጣን።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ አምስት ሆነን በመሥሪያ ቤቱ መኪና ተሳፈርን። ሚሌንና ገዋኔን አልፈን ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ በቀረብን ጊዜ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ፣ አፉ በገመድ ታስሮ፣ በመንገዱ ዳር የተደረደረ ከሰል መታየት ጀመረ። ከሁላችን በማዕርግ የሚበልጡት ኃላፊ፣ የምስክር ወረቀታቸው ያለበት ፖስታ ገና በጉልበታቸው ላይ እንዳለ፣ ሹፌሩን «እስኪ ዳር ያዝልኝ» አሉት። ወርደው ከረጢቱን በእግራቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ ክብደቱን ለኩ፤ በዋጋው ተከራከሩ፤ ሁለት አስጫኑ። ከዚያ በኋላ አንዱ ባልደረባዬ አንድ፣ ሌላውም አንድ ገዛ። ሹፌሩ የኋላውን ዕቃ እያሸጋሸገ ወደ እኔ ዞረና፣ «ጋሼ፣ ለእርስዎስ ቦታ ልተው?» አለኝ። «ተውልኝ» አልኩት።

ይህን የማወራው ሌላውን ለመክሰስ እንዳልሆነ ከመልሴ ይታያል። የሚያስደንቀኝ ነገር ግን አለ። ሦስት ቀን ሙሉ የሰማነው ትምህርት ያላገኘውን የልባችንን በር፣ አንዲት «ዳር ያዝልኝ» የምትል ቃል በግማሽ ደቂቃ ከፍታ ገባች። ከመካከላችን ከሰል ማክሰል ደን እንደሚያራቁት የማያውቅ አልነበረም፤ ከሁለት ቀን በፊት በሥዕል ሳይቀር አይተነዋል። እንግዲያውስ የጎደለን ዕውቀት ካልሆነ የጎደለን ምን ነበር? ይህ ምዕራፍ የሚመረምረው ይህንኑ ነው።

ስሙ እንዳያስፈራን

ከቅርብ ዘመን ወዲህ በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ «አረንጓዴ የሰው ሀብት አስተዳደር» የሚል ስም የተሰጠው የጥናት ዘርፍ ተስፋፍቷል። ስሙ አፍ ቢሞላም ነገሩ ቀላል ነው። የሰው ሀብት አስተዳደር ማለት፣ በምዕራፍ ሁለት እንዳተትነው፣ ሰውን መርጦ መቅጠር፣ ማሠልጠን፣ ሥራውን መመዘን፣ መክፈልና መሾም፣ ሐሳቡን መስማት፣ ሲያጠፋም መገሠጽ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት እነዚህኑ የዘወትር ተግባሮቹን ሲፈጽም ውሃውን፣ ዛፉን፣ አየሩንና ቆሻሻውን አብሮ የሚያስብ ከሆነ፣ ያን ጊዜ «አረንጓዴ» የሚለው ቅጽል ይገባዋል። በግቢው ውስጥ አበባ ስለ ተተከለና ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ስለ ተቀባ ግን አይገባውም።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ግብሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ወደ አንድነት ገዳም የሚገባ ወጣት አስቀድሞ በርድእና ይፈተናል፤ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ የወደቀው እንደሚለቀምና የቆመው እንደማይነካ የሚማረውም ከብራና ሳይሆን ከሚከተላቸው አባት እጅ ነው። ሥራውን መጋቢው ያያል፤ ጠባዩን እበምኔቱ ይመዝናል፤ መዓርግ የሚሰጠውም ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው። በሰሜኑ ደጋ በባዶ ኮረብታ መካከል አንዲት የጽድና የወይራ ደን ከሩቅ ስትታይ፣ መንገደኛው ሳይጠይቅ በውስጧ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ያውቃል። ያ ደን እስከ ዛሬ የቆመው በግዝት ብቻ አይደለም፤ የሚገዝቱት አባት ራሳቸው መጥረቢያ አንሥተውበት ስለማያውቁም ነው።

ባሕር የማይደርስ ወንዝ

ባለፈው ምዕራፍ ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ስለሚደርስበት እንግልት ተናግረን ነበር። ስለዚሁ ነገር ከአዋሽ የሚሻል ምሳሌ አላገኘሁም። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ከፍታ ተነሥቶ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ቆላ ለቆላ ከተጓዘ በኋላ፣ እንደ ሌሎቹ ታላላቅ ወንዞች ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር ባለው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በመንገዱ ላይ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ይቀበለዋል፤ የወንጂና የመተሐራ ሸንኮራ ይጠጣዋል፤ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ በመካከለኛውና በታችኛው ሸለቆ የተስፋፉት የአሚባራና የተንዳሆ እርሻዎች ይካፈሉታል፤ የተረፈውን ፀሐይዋ ትመጥጠዋለች።

መልካም መመሪያም እንዲሁ ነው። ምንጩ ከፍ ያለና ንጹሕ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሁሉም ሰው መብት መሆኑን፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል፤ በ1995 ዓ.ም. ስለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማና ስለ ብክለት ቁጥጥር ቁጥር 299 እና ቁጥር 300 የሆኑት አዋጆች ወጥተዋል። ይህ ውሃ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በሚኒስቴሩ፣ በክልሉ ቢሮ፣ በመምሪያውና በክፍሉ አልፎ፣ ሰመራ ላይ ከአንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጠረጴዛ እስኪደርስ ድረስ በየደረጃው ያለው ሁሉ ጥቂት ጥቂት ይጠጣለታል፤ በመጨረሻ የሚደርሰው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ማዕዘኑ የተጠቀለለ አንዲት ሰርኩላር ብቻ ይሆናል። ብዙ ጊዜ በላይ ያሉት ሹማምንት ይህን ጉድለት ሲያዩ ሌላ አዋጅ ያክላሉ፤ ይኸውም ቦይ ሳይቆፍሩ ዝናብ እንደ መለመን ነው።

ቦዮቹ አስቀድሜ የቆጠርኳቸው የአስተዳደር ተግባሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሬንዊክ፣ ሬድማንና ማጓየር የተባሉ ተመራማሪዎች ስለዚህ ዘርፍ የተጻፈውን መርምረው ባወጡት ጽሑፍ፣ እነዚህን ተግባሮች በሦስት መደብ ከፈሏቸው፤ የሠራተኛውን መቻል የሚያሳድጉ፣ መፈለጉን የሚቀሰቅሱና ዕድል የሚከፍቱለት ብለው። አንዲት ልጅ ቡና ማፍላት ብትችል፣ ለማፍላትም ብትወድ፣ ጀበናው ግን በጎረቤት ቤት ተቆልፎበት ከሆነ ቡና አይጠጣም፤ ጀበናው ኖሮ እሷ ካልወደደችም አይጠጣም። በሰመራው ሥልጠና የተከፈተልን ቦይ አንድ ብቻ፣ ይኸውም የመቻል ቦይ ነበር፤ እርሱም ቀድሞ የሞላ ነበር።

ስለ ቅጥር በምዕራፍ ሦስት ብዙ ስላልን እዚህ አንመለስበትም። ስለ ምዘና ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በየመንፈቁ የሚሞላውን የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቅጽ አንባቢው አንድ ቀን በጽሞና ያንብበው። ሰዓት ማክበር አለ፤ የደንበኛ አቀባበል አለ፤ ከባልደረባ ጋር ተግባብቶ መሥራት አለ። ነዳጅ የቆጠበ ሹፌር፣ ውሃ የሚያፈስሰውን ቧንቧ ሳይታዘዝ ያስጠገነ የግቢ ሠራተኛ፣ ያገለገለ የሞተር ዘይት ወደ ቦይ እንዳይደፋ የከለከለ መካኒክ የሚጻፍበትን መስመር ብዙ ፈልጌ አላገኘሁም። ሰው ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መፈክርና በቅጹ ላይ ያለውን ነጥብ አስተያይቶ፣ የትኛው ለልጆቹ እንጀራ እንደሚሆን ያውቃል።

ዳጉ በመሥሪያ ቤት

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ወግ አላቸው። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ቆመው ወይም ከጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ከመጡበት አገር ያዩትንና የሰሙትን፣ የዝናቡን፣ የሣሩን፣ የከብቱን፣ የሰላሙንና የጠቡን ወሬ በተራ ይለዋወጣሉ። ያየውን ከሰማው ለይቶ መናገር የነጋሪው ግዴታ ነው፤ ሐሰት የነገረ ሰው ክብሩ ይወድቃል። በዚህም ሥርዓት ሎግያ ጧት የሆነውን ነገር ከመንገድ የራቀ መንደር ውስጥ ያለ እረኛ ሳይዘገይ ይሰማዋል።

በመሥሪያ ቤትም ዳጉ አለ። ያቺ ከሰል የጫነች መኪና ግቢ በገባች ማግሥት፣ ማን ምን ያህል እንዳስጫነ ጋራዡ፣ ጥበቃውና የሻይ ክበቡ ያውቁታል። ማን እንደ ተሾመና በምን ምክንያት፣ ማን እንደ ተቀጣና ማን እንደ ታለፈ፣ ኃላፊው ከቢሮ ሲወጡ መብራት አጥፍተው እንደሆነ ወይም እንዳላጠፉ፣ ይህ ሁሉ ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል፤ ሠራተኛውም ይህን ሁሉ አጠራቅሞ «ይህ ቤት በእውነት ምን ይወዳል?» ለሚለው ጥያቄ በልቡ መልስ ይጽፋል። ይህን በልብ የተጻፈ መልስ ሊቃውንቱ የቤቱ ድባብ ይሉታል። የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፤ አረንጓዴ ቅጥርም፣ ሥልጠናም፣ ምዘናም፣ ሽልማትም በሠራተኛው ጠባይ ላይ አብዛኛውን ሥራቸውን የሚሠሩት እርሱ ከእነርሱ በሚያነበው በኩል ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ዱሞንት፣ ሼንና ዴንግ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ አንድ የአውስትራሊያ ኩባንያ በቻይና ባለው ቅርንጫፍ የሚሠሩ ሰዎችን አጥንተው ያወጡት ጽሑፍ ነገሩን አጥርቶ ያሳያል። የሠራተኛውን ግብር በሁለት ከፈሉት፤ አንዱ በሥራ መዘርዝሩ ላይ የታዘዘው፣ እኛ የተጻፈ ግብር የምንለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ማንም ሳያዝዘው ከፈቃዱ የሚያደርገው፣ ያልተጻፈ ግብር የምንለው ነው። አረንጓዴው አስተዳደር በተጻፈው ግብር ላይ በሁለት መንገድ ይሠራል፤ በቀጥታም፣ በድባቡ በኩልም። ባልተጻፈው ግብር ላይ ግን ቀጥተኛ መንገድ አልተገኘለትም፤ የሚደርሰው በድባቡ በኩል ብቻ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። አለቃ የተጻፈውን ግብር በትእዛዝ ሊያገኝ ይችላል፤ «ከ11 ሰዓት በኋላ ኤሲ የሚያጠፋ ተረኛ ይመደብ» ብሎ ቢጽፍ ተረኛው ያጠፋል። ተረኛው ባልሆነበት ቀን፣ ማንም በማያየው ክፍል ውስጥ፣ ሲያልፍ ገባ ብሎ እንዲያጠፋ ግን ምን ዓይነት ደብዳቤ ሊጻፍለት ይችላል? በ1961 ዓ.ም. 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ይዞ በሕግ የጸናውን የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እንውሰድ። ለስካውቱ በጽሑፍ የተሰጠው ሥራ ክልሉን መዞርና ያየውን መመዝገብ ነው። ነገር ግን በድርቅ ወራት ሣሩ በፓርኩ ውስጥ፣ የተራበው ከብት ከፓርኩ ውጭ ሲሆን፣ ከሳላውና ከአጎቱ ልጅ ከብት መካከል የሚቆም እርሱ ነው። ጠመንጃውን ከማሳየት ይልቅ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ፣ የትኛው ሜዳ እስከ መቼ እንደሚቆይ እስኪስማሙ ድረስ ቢመክር፣ ለአውሬውም ለሰውም የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ነገር ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ አይገኝም። እንዲህ ያለውን ድካም የሚደክመው ቤቱ እርሱንም አውሬውንም ከልብ እንደሚያስብ ያመነ ሰው ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ ፒተር ብላው የተባለ የማኅበረሰብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1964 በጻፈው መጽሐፍ ያስረዳው የውለታ ሥርዓት አለ፤ የእኛ ገበሬ ግን ወንፈል ብሎ ቀድሞ ያውቀዋል። ጎረቤቴ ለአጨዳዬ የመጣው ደመወዝ ተቈርጦለት አይደለም፤ ነገ እኔም እንደምሄድለት ስላመነ ነው፤ እኔ ቀርቼ ልጄን ብልክ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት እርሱም ልጁን ይልካል። መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን «ለአካባቢው አስብ» ሲለው፣ ሠራተኛው «አንተስ ለእኔ አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በልቡ ይመልሳል። በሰመራ በጥበቃ ክፍሉ ያለው ቬንቲሌተር ከተበላሸ ወር አልፎት ሳለ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ቁጠባ ሰርኩላር ቢለጠፍ፣ ዘበኛው ቁጠባውን እንደ ንፍገት ቢያነበው አይፈረድበትም። የበረሃ አበሉ በጊዜው የሚከፈለውና የሚጠጣ ቀዝቃዛ ውሃ በርሜል የተቀመጠለት ሠራተኛ ሃይላንድ አትግዛ ቢባል ይሰማል፤ በርሜሉ ከሌለ ግን ምክሩ ስድብ ይሆንበታል።

ሁሉም ሰው ድባቡን አንብቦ እኩል ይነሣሣል ማለቴም አይደለም። እነ ዱሞንት እንዳዩት፣ ድባቡ ወዳልተጻፈው ግብር የሚገፋው ስለ አካባቢ አስቀድሞ የሚገደውን ሰው ይበልጥ ነው፤ ደረቅ እንጨት በጥቂት ፍም ይያያዛል፣ እርጥቡ ግን ያጨሳል እንጂ አይነድም። ምንን አይቶ መቅጠር እንደሚገባ በምዕራፍ ሦስት የደከምንበት ምክንያት እዚህ ላይ ይገለጣል።

የብር ቅጣትና የተቆጠረ ችግኝ

«ይህ ሁሉ ትንታኔ ምን ያደርጋል? ያጠፋውን መቅጣት፣ ያለማውን መሸለም ነው» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ሽልማትንም ቅጣትንም አልነቅፍም፤ ነገር ግን እነርሱም የሚነበቡ ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜም ጸሐፊያቸው ባላሰበው መንገድ። ኡሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት በእስራኤል አገር በሐይፋ ከተማ ባሉ ዐሥር የሕፃናት መዋያዎች የተደረገ ነው። ልጆቻቸውን ለመውሰድ በሚዘገዩ ወላጆች ላይ በስድስቱ መዋያዎች የገንዘብ ቅጣት ተጣለ፤ መዘግየቱም በመቀነስ ፈንታ ወደ እጥፍ ያህል ጨመረ። ቀድሞ «መምህሯን ማስቸገር ነውር ነው» ብሎ ይሮጥ የነበረ ወላጅ፣ አሁን ዋጋው ስለ ታወቀለት ከፍሎ ይዘገይ ጀመር። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ቅጣቱ ከተነሣ በኋላም የሄደው እፍረት አለመመለሱ ነው።

ሽልማት በሚቆጠር ነገር ላይ ሲሰቀል ምን እንደሚያፈራ ለማየት ግን ከአዋሽ ሸለቆ መውጣት አያስፈልግም። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾኻም ዛፍ ወደ መካከለኛው አዋሽ የገባው፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም.፣ ጥላና የነፋስ መከላከያ እንዲሆን በበጎ ሐሳብ ነው፤ በምግብ ለሥራ መርሐ ግብርም በብዛት ተተክሏል። የሚተክለው ሰው የሚከፈለው ስለ ተከለው ነበር፤ ከተተከለ በኋላ ስለሚሆነው የሚጠየቅ አልነበረም። ከብቶቹና ፍየሎቹ ጣፋጭ ፍሬውን በሉ፤ ዘሩን በፋንድያቸው በየግጦሹ በተኑት፤ ዛፉም የወንዙን ዳርና የግጦሹን ሜዳ ወረሰ፤ ዛሬ በአፋር ምድር የያዘው ስፋት በተመራማሪዎች ግምት ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው። አፋሮች «ደርጊ ሃራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ ብለው ሲጠሩት ባለ ዕዳውን መዝግበው መያዛቸው ነው።

የዛሬውንም ችግኝ ተከላ በዚህ ዐይን ማየት ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተነገረ ወዲህ፣ በየክረምቱ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን በአውቶቡስ ጭነው ወደ ኮረብታ ይወስዳሉ። ሥራው የተቀደሰ ነው፤ ብዙ ሰውም በደስታ ይሄዳል። ነገር ግን ስም የሚጠራበት መዝገብ ከጕድጓዱ አጠገብ የተቀመጠ እንደሆነ፣ ሠራተኛው የሚያነበው «ዛሬ መገኘትህ ይቆጠራል» የሚለውን ነው፤ ተገኝቶም ይሄዳል። በጥቅምት ውሃ ጀሪካን ተሸክሞ ተመልሶ ቢመጣ መዝገብ የያዘ ሰው አያገኝም። እኔ ኃላፊ ብሆን መዝገቡን ከሐምሌ አንሥቼ ወደ ሚያዝያ ባዛውረው እወዳለሁ፤ የሚቆጠረውም የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ይሆን ነበር፤ ቁጥሩ ግን ያን ያህል የሚያኮራ አይሆንም ነበርና፣ ይህንንም ብል የሚሾመኝ አላገኝም።

ቁልፉን የያዘችው ሴት

ከሦስቱ መደቦች ሦስተኛው፣ ዕድል መስጠት፣ ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚታሰብ ነው። በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት በአገራችን ከተቋቋመ ወዲህ በየፋብሪካው የተለመደው ካይዘን የተባለው የጃፓኖች የአሠራር ዘዴ ዋና ምሥጢሩ፣ ብክነትን ቀድሞ የሚያየው በሥራው አጠገብ የቆመው ሰው ነውና እርሱ ይጠየቅ ማለት ነው። ስለዚህ ነገር በዚያው በሰመራ ሥልጠና ያየሁትን ልንገር።

በሁለተኛው ቀን እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ከንጋቱ 12 ሰዓት ግድም ወደ አዳራሹ ሄድኩ። በሩ ተከፍቶ ነበርና ስገባ ብርዱ ደብረ ብርሃን የገባሁ አስመሰለኝ፤ አራቱም ኤሲዎች ባዶውን አዳራሽ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቀዘቅዙ አድረዋል። አንዲት ወጣት የጽዳት ሠራተኛ ነጠላዋን ባንገቷ ጠምጥማ፣ ከወንበሮቹ ሥር ሃይላንዱን እየለቀመች በሁለት ፌስታል ትለያለች፤ ባንዱ ባዶውን፣ በሌላው ውሃ የቀረበትን።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ማን አብርቶት አደረ?» አልኳት።

«ማንም አላበራውም ጋሼ፤ ያጠፋው የለም እንጂ። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የሚያድረው።»

«አንቺስ ለምን አታጠፊውም?»

«ሪሞቱ ንብረት ክፍል ነው ያለው። ለእኔ የተሰጠኝ የበሩ ቁልፍ ነው።»

«ለኃላፊዎቹ ነግረሽ ታውቂያለሽ?»

ሳቀች። «እኔን ማን ይጠይቀኛል ጋሼ? የኔ ሥራ ወለሉ ነው።» ውሃ የቀረበትን ሃይላንድ ይዛ ወጣችና፣ በበሩ አጠገብ ላለች አንዲት ለጋ ኒም አንድ በአንድ ከፍታ አጠጣችው። ባዶውን ለሚገዛት ሰው እንደምታጠራቅም ኋላ ነገረችኝ።

ለሦስት ቀን ስለ አካባቢ በተነጋገርንበት አዳራሽ፣ ውሃ ያላባከነች፣ ቆሻሻ የለየች፣ ዛፍ ያጠጣች አንዲት ሰው እሷ ነበረች፤ የምስክር ወረቀት ከተሰጣቸውም አልነበረችም። መቻልም መፈለግም ነበራት፤ ያልነበራት ሪሞቱ ነው። «የኔ ሥራ ወለሉ ነው» የሚለውን ቃል ከራሷ አላመጣችውም፤ ቤቱ ስለ እሷ የጻፈውን አንብባ ነው የነገረችኝ።

የሥልጠናውን አስተባባሪ ለብቻቸው አግኝቼ አጫወትኳቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ አፍረው፣ ያኑ ዕለት ሪሞቱን ከንብረት ክፍል አስወጥተው በእጇ ሰጧት። በሦስተኛው ቀን ጧት ስንገባ አዳራሹ የሌሊቱን ሙቀት እንደ ያዘ ነበር፤ ኤሲዎቹ ገና መብራታቸው ነውና ለመቀዝቀዝ ሩብ ሰዓት ይፈልጉ ነበር። ከሠልጣኞቹ አንዱ የሸሚዙን ቁልፍ እየፈታ፣ በታላቅ ድምፅ፣ «ማነው እሱ ይህን ነገር ያጠፋው?» ብሎ ተቆጣ፤ ሁለት ሦስቱም ተቀበሉት። እሷ መጥረጊያዋን ይዛ፣ ሪሞቱን በሽርጧ ኪስ ከትታ፣ ከበሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።